ሰማይ የወጣው የአማቴ መጋዝ

በኛ አገር ከአማት ጋር መነጋገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አማት «ጠገብኩ» ካሉ አልጠገቡም። «አልደከመኝም» ካሉ ደክሟቸዋል። «ለምን ተቸገራችሁ?» ካሉ ደግሞ ገና በደንብ አልተቸገራችሁም ማለት ነው። እኔ የሀዲያ ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ ማርታ የከምባታ ልጅ ናት፤ የሁለታችን ዘመዶች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ይሉኝታው ከመብዛቱ የተነሳ ምግቡ ቀርቦ ማንም ቀድሞ ሳይነካው ይቀዘቅዛል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የሚመጣው መዓት ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምር ነው። ከዚህና ከዩቲዩብ።

የማርታ አባት አቶ ሀንዲሶ በአዲሎ በኩል ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናቸው ልጆችን ሃይማኖት ያስተምራሉ፤ ውሸት ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። እኚህ ሰው አንድ የሞተር መጋዝ አላቸው፤ ቼይንሶ የምንለውን። በመንደሩ ከሳቸው በቀር ቼይንሶ ያለው የለም፤ የዚህ ነገር ክብደት የሚታወቀው ደግሞ መሳላ ሲቃረብ ነው። መሳላ ከምባታዎች መስቀልን የሚሉበት ስም ነው፤ እኛ ሀዲያዎች ያሆዴ እንላለን፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ሥጋው ላይ ልዩነት የለንም። ሴቶቹ ቅቤ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፣ ወንዶቹ በቡድን ሆነው በሬውን ያሰባሉ፣ እንጨቱ ደግሞ በዓሉ ሳይደርስ ተቆርጦና ተፈልጦ በየደጁ ይከመራል። እንግዳ ሲመጣ ከባለቤቱ ፊት በፊት የሚያየው ክምሩን ነው። ክምሩ ያነሰ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ ለመሄድ ይቸገራል።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን፣ መንደሩ በሙሉ ባሕር ዛፉን ጥሎ ቆራጭ ሲጠብቅ፣ የአማቴ ቼይንሶ አልነሣ አለ። አማቴ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ አፉን በቃጫ ገመድ አስረው፣ መኪና ላይ ጫኑና ወደኔ ወደ ሆሳዕና ላኩት።

ለምን ወደኔ? እኔ የፊዚክስ መምህር ነኛ። በቤተሰቡ ውስጥ ስልክ ሲሞት፣ ቴሌቪዥን ሲንጫጫ፣ «መምህሩ ያውቃል» ይባላል። አንዳንዴ ነካ ሳደርገው በራሱ ጊዜ ይሠራል፤ እኔም አልክድም። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴት ወንድም ቢኖራት እኔ ነበርኩ።

ከረጢቱን ከመናኸሪያ ተቀብዬ ቤት ወሰድኩት። ችግሩ ቀላል ነበር፤ የጭስ ማውጫው በጥላሸት ተደፍኗል፣ ካርቡሬተሩም ቆሽሿል። ጠርጌ አጥቤ መለስኩና ገመዱን ብጎትተው አገሩን በጩኸት ሞላው። ደስታዬን ይዤ ደወልኩ።

«አባባ፣ ተነሣ! በመጀመሪያው ጉተታ!»

ስልኩ ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ተነሣ ነው ያልከኝ?»

«እንደ አዲስ!»

«ጎበዝ ነህ መምህር።» ከዚያ ደግሞ፣ «ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? እዚያው ይቆይ። ደህና አድርገህ እየው።»

ማርታ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር። ስልኩን ስዘጋ፣ «ነገ ጠዋት ጫነው» አለችኝ።

«ይቆይ አሉ እኮ!»

«አባባ ይቆይ ካለ ነገ ላክ ማለቱ ነው። አባቴን እኔ አላውቀውም?»

ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን ልቤ ያውቃል። ግን ሰው ሲፈልግ ቃል በቃል መስማት ይችላል። ሳሎናችን ውስጥ ደግሞ «ይቆይ» የሚለውን ቃል አጥብቆ የሚፈልግ አንድ ነገር ተጋድሞ ነበር።

አውሮፕላን። ሰው የሚጭን አይደለም፤ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ከመሬት ሆነው የሚያበሩት ሞዴል ነው። አጥንቱን ከቀርከሃ፣ ክንፉን ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ሠርቼዋለሁ፤ መቆጣጠሪያውን የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ልኮልኛል። ክንፉ ከሳሎኑ ስለሚረዝም ጫፉ በበሩ ወጥቶ በረንዳው ላይ ያድራል። የሚጎድለው ሞተር ብቻ ነበር። ሞተር እስኪገኝ ማርታ ካልሲ ታሰጣበት ጀመር። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ትለኛለች፤ እኔ ግን ሥራ አላጣሁም፣ ሥራዬን ትቼ ነው።

ታዲያ ዩቲዩብ ላይ አንድ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ አለ። የቼይንሶ ሞተር እንደ ሙዝ ልጦ አውሮፕላን ላይ ይገጥማል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የቼይንሶ ሞተር ቀላል ነው፣ ጉልበታም ነው፤ ዛፍ ቆራጭ መጋዙን ወደ ጎንም ወደ ታችም ስለሚያዞረው ካርቡሬተሩ ተገልብጦም ይሠራል። አውሮፕላንም ይገለበጣል፤ የኔ ዓይነቱ በተለይ። ዕቅዴ ንጹሕ ነበር፦ ቅዳሜ ማብረር፣ ሰኞ እንደነበረ ገጣጥሞ መላክ። አማቴም ሳያውቁ፣ እንጨቱም ሳይዘገይ።

ሰንሰለቱን አወጣሁ፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት ፈታሁ፤ እጀታውን ከነማብሪያ ማጥፊያው አነሣሁ። ማብሪያ ማጥፊያውን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ አላልኩትም። የሞተሩን ዘንግ አውሮፕላኑን ከሚጎትተው ውልብልቢት፣ ፕሮፔለር ከምንለው ጋር የምታያይዝ ቁራጭ ቶርኖ ቤት አሠራሁ። ውልብልቢቱን ከዋንዛ እንጨት ራሴ ቀረጽኩ። ሁለቱ ወገኖቹ በክብደት እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ሲከብድ እሱን ላግኩ፤ ያኛው ከበደ፣ እሱን ላግኩ፤ እንዲህ ስል ማማሰያ ሊሆን ምንም አልቀረው። በሌላ ዋንዛ እንደገና ጀመርኩ።

ሁሉም ሲያልቅ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከበደና መሬት ሳመ። ሞተሩን ሳገላብጠው አንድ ወፍራም ጆሮ አየሁ፤ ያ ረጅም ብረት በቡሎን የሚታሰርበት። ለአውሮፕላን ምን ያደርጋል? ሽማግሌው በቪዲዮው ላይ ቆርጦ ጥሎታል። የብረት መጋዝ፣ ሰጌቶ የምንላትን፣ አነሣሁ። ደስ እያለኝ ቆረጥኩ። እያፏጨሁ ቆረጥኩ። ጆሮው ወለሉ ላይ «ቀጭ» ብሎ ሲወድቅ ነው ሽማግሌው ሞተሩን ከአማቱ እንዳልተዋሰ ትዝ ያለኝ።

በከተማው ያለውን ብየዳ ቤት ሁሉ አዳረስኩ። ጆሮውን በመሐረብ ጠቅልዬ ሳሳያቸው ሁሉም አገላብጠው ያዩና ይመልሱልኛል። እንዲህ ያለ ነገር አይበየድም፤ ቢበየድም አይዝም። የአማቴ ቼይንሶ ከእንግዲህ ዛፍ አይቆርጥም። መንደር ሙሉ እንጨት ደግሞ ደጅ ላይ ተጋድሟል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ አማቴ በደወሉ ቁጥር ስልኩን የማነሣው ማርታ ስትገፋኝ ነው። ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ ላሚቱ መውለዷን ይነግሩኛል። ስለ መጋዙ አንድም ቃል!

«ምንም ካላለ በጣም ቸኩሏል ማለት ነው» ትላለች ማርታ። «ስለ ላሚቱ ሲያወራህ ድምፁን አልሰማኸውም?»

ሰማሁት። ላሚቱ ውስጥ መጋዙ ነበረ።

«ታዲያ ለምን ታበረዋለህ?» ብትሉኝ መልስ አለኝ። በጉ አንዴ ከታረደ ስላዘኑለት ሥጋው ሳይበላ አይቀርም። መጋዝ መሆኑ ከቀረ አውሮፕላን እንኳ ይሁን አልኩ። ለቀበሌው ጸጥታ ሰው አስቀድሜ አሳወቅኩ። «ካሜራ አለው?» አለኝ። የለውም። «ሰው ይጭናል?» አይጭንም። «ዕቃስ?» አይጭንም። «ታዲያ ምን ይሠራል?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም፤ እሱም አዝኖልኝ ፈቀደልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጅራቱን ከአጥሩ ጋር አስሬ ግቢ ውስጥ አስነሣሁት። የልብስ ማስጫው ተገለበጠ፣ ዶሮዎቹ እስከ ማታ አልተመለሱም። ጩኸቱ ሳያባራ አንዲት ጎረቤታችን ገመድ ይዛ ብቅ አለች።

«እንጨት ትቆርጣለህ እንዴ? እኛም እኮ የተጋደመ ግንድ አለን።»

«አይ፣ ይሄ አውሮፕላን ነው» አልኳት።

ክንፉን አየች፣ ጅራቱን አየች። «እሺ፣ ከአውሮፕላኑ በኋላ» ብላ ግንዱን ልታስመጣ ሄደች። ከሷ ቀጥሎ ሌላ ጎረቤት መጣ፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ። በኋለኛው በር አምልጬ ጋሪ ጠራሁ።

ባለጋሪው ኤርሱሞ ይባላል፤ ሌሞ ከምንለው ከከተማው ዙሪያ ገጠር የመጣ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። አውሮፕላኑን ጭነን ከከተማ ወጥተን ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ላይ ደረስን። ፈረሱን ራቅ አድርገን አሰርን። ሞተሩን አስነሣሁ፣ መቆጣጠሪያውን ያዝኩ። አውሮፕላኑ በሣሩ ላይ እየዘለለ ሮጠና ተነሣ። ወገኖቼ፣ በረረ! ቀርከሃውም፣ ዋንዛውም፣ የአማቴም መጋዝ አንድ ላይ ሰማይ ወጡ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሣልኩት ቀስት ሁሉ እዚያ ላይ እውነት ሆኖ አየሁት።

«ኤርሱሞ፣ እየው!»

«አየሁ» አለ። «አሁን አውርደው።»

ላወርደው ብል ሞተሩ ፍጥነቱን አልቀንስ አለ። የነዳጁን መስጫ ያሰርኩት በቃጫ ነው፤ ንዝረቱ ቋጠሮውን ፈትቶት ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ያገሳል። ማጥፋት እንዳልችል ማጥፊያው ቤት ጠረጴዛ ላይ ካለው እጀታ ጋር ቀርቷል። መምራት እችላለሁ፤ ማቆም አልችልም። ያለኝ ምርጫ ነዳጁ እስኪያልቅ ማዞር ነበር። አዞርኩ።

እናንተ እንግዲህ የሌሞን ገበሬ ታውቁታላችሁ። ለበዓል እንጨት በሚቆረጥበት ሰሞን የቼይንሶ ድምፅ ከሰማ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው፤ ዛፌን እየቆረጡት ነው! ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ ቼይንሶ ሰማይ ላይ ምን ይሠራል? አውሮፕላኑ በምሥራቅ ሲዞር የምሥራቁ ሰዎች ዱላ ይዘው ወደ ባሕር ዛፋቸው ሲሮጡ አየሁ። ወደ ምዕራብ ሲዞር የምዕራቦቹ ወጡ። በአናታቸው ላይ ሲያልፍ ድምፁ ከጎረቤት ዛፍ የመጣ ይመስላቸውና አጥር ዘለው ይገባሉ፤ ጎረቤትየውም በነሱ አጥር ዘሎ ይገባል።

«የኔ ዛፍ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

«አንተስ የኔ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

ሞተሩ ተንደቅድቆ ጸጥ ሲል አገሩ በሙሉ በጎረቤቱ ዛፍ ውስጥ ቆሞ ነበር። አውሮፕላኑ በቀስታ ዝቅ እያለ መጣና አንድ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ገባ። እንሰት ይባረክ፤ ሰፊ ቅጠሉ ተቀበለውና እንደ ሕፃን አስተኛው።

ስንደርስ የጓሮው ባለቤት፣ አንዲት ጠና ያሉ እናት፣ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ዱላ የያዙትም ወንዶች በየአቅጣጫው እየመጡ ከበቡን።

«ይሄ የወደቀብኝ ምንድን ነው?» አሉ እናትየው።

«ቼይንሶ ነው እማማ፤ ማለቴ ነበር።»

«የማን ነው?»

ኤርሱሞን ዞር ብዬ አየሁት፤ ፈረሱን እያየ ነው። «የአማቴ» አልኩ።

ዱላዎቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ።

«የአማትህን ዕቃ ወደ ሰማይ ወረወርክ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ከወንዶቹ አንዱ፣ በጣም ተቆጥቶ የመጣው፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ከተተ። «ተዉት» አለ። «ለዚህ ሰው ከእንግዲህ ዱላ ምን ይጨምርለታል?» ከዚያ ሁሉም ተረባርበው ስብርባሪውን ለቃቅመው ጋሪ ላይ ጫኑልኝ። እናትየውም እግዜር ከአማትህ ያስታርቅህ ብለው መረቁኝ። ቤት እስክደርስ ኤርሱሞ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ብሆን አገር እለውጥ ነበር።»

ወሬ ከጋሪም ከአውሮፕላንም ይፈጥናል። ከሌሞ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ አዲሎ። ወዲያው አማቴ ደወሉ። «ልመጣ ነው» አሉ። ስለ ላሚቱም አላነሡ።

መናኸሪያ ቆሜ ስጠብቃቸው ደላላው «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! የቀረው አንድ ሰው ነው!» እያለ እጄን ጎተተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እጄን ስቀማው ኖሬ ያን ዕለት ልከተለው ቃጣኝ። ግን አማቴ ወርደው ቆመው ነበር፤ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። ስለ ዝናቡ እያወራን ቤት ደረስን።

ሞተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ውልብልቢቱ አንድ ወገን ብቻ ቀርቶታል። ማርታ ልትደብቀው ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩ። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ የተቆረጠውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህን የቆረጥከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አይበየድም?»

«አይበየድም።»

«ብየዳ ቤት ጠይቀሃል?»

«ሁሉንም ጠየቅኩ።»

«ሁሉንም? አንድ የቀረ የለም?»

«አንድም የቀረ የለም፣ አባባ።»

አማቴ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። አማተቡና፣ «ተመስገን!» ብለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

ማርታና እኔ ተያየን።

«ልጆቼ» አሉ፣ ፊታቸው እየበራ፣ «ያን መጋዝ ከገዛሁ ጀምሮ መሳላ ምን እንደሚመስል አላየሁም። ገና ጎህ ሲቀድ ሰው ደጄ ላይ ነው። የዚህን ቤት ስጨርስ የዚያኛው፣ የዚያኛውን ስጨርስ የዘመዱ። ለመሳላ እንጨት የመጣን ሰው እምቢ አይባልም። ጆሮዬ እስኪጮህ ቆርጬ በዓሉ ሲደርስ ሥጋውን ማኘክ ያቅተኛል። የራሴ ክምር ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው። ተበላሽቷል ብዬ እንዳልዋሽ ልጆች አስተምራለሁ። በመጨረሻ እግዜር ሰማኝና እውነት ተበላሸ። ወደ ከተማ የላክሁት እዚያው እንዲቀር ነበር። አንተ ደግሞ ተነሣ ብለህ ደወልክልኝ!»

«ይቆይ ያሉኝ...»

«ይቆይ ማለቴ ነዋ! ሌላ ምን ማለት ነው?»

ማርታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ሲመለሱ መኪናው ላይ ሆነው፣ «አደራ፣ ሌላ እንዳትገዛልኝ» አሉኝ። በዚህ ጉዳይ ማርታና እኔ ብዙ ተከራከርን። እንዳትገዛ ማለት ግዛ ማለት ነው አለች። የላሚቱን ትርጉም አስታወስኳት። ግን ደግሞ በባዶ እጅ አማት ቤት አይኬድም።

መሳላ ሲቃረብ ወረድን። አማቴ ደጃቸው ካለው ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማርታ በዚህ ሰሞን አባቷን ተቀምጠው ስታይ የመጀመሪያዋ ስለሆነ አሟቸው መስሏት ሮጠች። እኔ ደግሞ ያንኑ የማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ ተከተልኳት። ከረጢቱን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«መምህር» አሉ በቀስታ፣ «ምንድን ነው የያዝከው?»

ከረጢቱን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። ገመዱን ፈትተው አዩ። አዲስ መጥረቢያ ነበር።

እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሳቁ ሳያልቅ ግን ጎረቤቶቹ በአጥሩ በኩል አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ፤ ገመድ የያዘም አለ፣ ወዲያ ማዶ ያለ ግንድ በጣቱ የሚያሳይም አለ። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

«ምን አሏቸው፣ አባባ?»

«እውነቱን ነገርኳቸው። አማቼ መጋዙን ስለወሰደ የዘንድሮውን እሱ ይቆርጣል አልኳቸው።» መጥረቢያውን በሁለት እጃቸው አንሥተው መልሰው ሰጡኝ።

ግንዶቹን አየሁ። እስከ ወንዙ ድረስ ግንድ ነው። «አባባ፣ ከመንገድ መምጣቴ ነው፤ ትንሽ ዐረፍ ብዬ ብጀምርስ?»

«ዕረፍ እንጂ» አሉ፣ ወንበራቸው ላይ ደገፍ እያሉ። «ምን ያስቸኩልሃል?»

ይህችን እንኳ በትክክል ተረጎምኳት። መጥረቢያውን አንሥቼ ወደ ግንዱ ሄድኩ።